ጋዜጠኝነትና ብሮድካስቲንግ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፦ የቱ መንገድ ለማን ይሆናል?

ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ጓደኛ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። በዲቪ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። አዲስ አበባ ሳለች ኤፍ ኤም ላይ ዜና ታነብ ነበር፤ እዚህ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች። «ጋሼ፣ ሦስት ኮሌጅ አመልክቼ ሦስቱም ተቀበሉኝ። የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ ልላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የአሜሪካው የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰን ሰው አይመልስም፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ሦስቱም መቀበላቸው ስለ ኮሌጆቹ የሚነግራት ነገር የለም። «ምን ሆነሽ መውጣት ነው የምትፈልጊው?» ብዬ ጠየቅኳት። ለጥቂት ጊዜ ከስልኩ የሚሰማው የአንዲት አሮጊት ቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

ይኸው ጥያቄ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ስለሚደርሰኝ አንዴ ጽፌ ልገላገለው ብያለሁ። እኔ ካሜራና ድምፅ ላይ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ ማታ ተምሬ ነው። ስለዚህ ምሳሌዎቼ በብዛት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ፣ አልፎ አልፎም የካሊፎርኒያ ናቸው።

## ሁለቱ ስሞች አንድ ትምህርት አይደሉም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ጋዜጠኝነትና ብሮድካስቲንግ» ብለን በአንድ ትንፋሽ ብንጠራቸውም በብዙ ኮሌጆች ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። ጋዜጠኝነቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ሥር ይውላል፤ ዜና መጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የሚዲያ ሕግ፣ የተማሪ ጋዜጣ። ብሮድካስቲንጉ ደግሞ ካሜራ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ የካሜራዎቹን ምስል የሚቀያይረው ስዊቸርና ኤዲቲንግ ነው። የብሮድካስቲንግ ሰርተፍኬት ይዞ የሚወጣ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ባለሥልጣን ደውሎ ላይጠይቅ ይችላል። የጋዜጠኝነት ዲግሪ የያዘው ደግሞ ኮንትሮል ሩም ገብቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ሥራ ፍለጋ ላይ ይጎላል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለየሙያው የተለመደውን የመግቢያ ትምህርት ያወጣል። ለዘጋቢነት የሚያስቀምጠው ባችለር ዲግሪ ነው። ለብሮድካስት ቴክኒሻን አሶሲየት ዲግሪ (የሁለት ዓመት ዲግሪ) ይላል፤ ለድምፅና ለኦዲዮ ቪዥዋል ቴክኒሻን ሰርተፍኬት ይበቃል። የዘጋቢዎች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ በ2023 57,500 ዶላር ነበር፤ የሥራው ብዛትም በመጪዎቹ ዓመታት እየቀነሰ እንደሚሄድ ቢሮው ይተነብያል። ኦዲዮ ቪዥዋል በበኩሉ ስብሰባ፣ ሆቴልና የአምልኮ ቦታ ባለበት ሁሉ ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ «ማይክ ፊት ልቁም» ያለና «ማይኩን ላስተካክል» ያለ ሰው በአንድ ምክር አይሄዱም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከአገር ቤት ሚዲያ የመጣ ሰው ዋሽንግተን ሲደርስ ልቡ የአሜሪካ ድምፅ ላይ ነው። የአማርኛው አገልግሎት ከ1982 ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ትውልድ ነንና አይፈረድበትም። ግን በማርች 2025 የጣቢያው ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሥራ ገበታቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። ያንን አንድ በር ብቻ አልሞ ትምህርት መምረጥ ድሮም አደጋ ነበረው፤ አሁን ግን ጭራሽ አይሆንም።

## በምን እንመዝናቸው?

ክሬዲቱ (ለየኮርሱ የሚቆጠረው ነጥብ) የት ይደርሳል? ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ይህንን ነው፤ የተቃጠልኩበት ስለሆነ። ኮሌጅ ስገባ የተመደበልኝ አማካሪ ደግ ሰው ነበር፤ የጠየቅኩትን ኮርስ ሁሉ ፈረመልኝ። የስቱዲዮ ኮርስ ስወድ፣ ኤዲቲንግ አንድ፣ ኤዲቲንግ ሁለት፣ የሬዲዮ ፕሮዳክሽን እያልኩ ሰበሰብኩ። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ልሻገር ስል ከ61 ክሬዲቴ 14ቱ «ነፃ ምርጫ» ተብሎ ተመዘገበ። ተቀብለነዋል ይላል ወረቀቱ፤ ለዲግሪው ግን አይቆጠርም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ አየር ላይ ቀረ። የኮሌጁን ስም ልተወው፤ ጥፋቱ የግማሹ የእኔ ነው፣ አልጠየቅኩም።

ኋላ የገባኝ ነገር ይኸውላችሁ። የአራት ዓመት የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ከውጭ የሚመጣ የጋዜጠኝነት ክሬዲት ላይ ቆጣቢ ናቸው። የሙያውን ኮርስ ራሳቸው ማስተማር ይፈልጋሉ። ከእናንተ የሚፈልጉት ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ የመንግሥት አስተዳደርና እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ መሻገር ካሰባችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የሙያ ኮርስ ከሁለት ከሦስት አታብዙ፤ የቀረውን በአጠቃላይ ትምህርት ሙሉት። ኮርሱ በሌላው ዩኒቨርሲቲ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር በነፃ የሚያሳዩ ድረ ገጾች አሉ፤ በሜሪላንድ አርትሲስ፣ በካሊፎርኒያ አሲስት ይባላሉ። ከምዝገባ በፊት አሥር ደቂቃ እዚያ ተቀመጡ።

እጃችሁ መሣሪያ ላይ ስንት ደቂቃ ያርፋል? ብሮሹሩ ላይ ያለው ካሜራ አዲስ ነው፤ ጥሩ። ግን ሒሳቡን ሥሩ። የእኛ ክፍል ሦስት ስቱዲዮ ካሜራ ነበረው፤ ተማሪው 18፣ ክፍለ ጊዜው በሳምንት ሦስት ሰዓት። አንድም ደቂቃ ሳይባክን ለአንድ ሰው የሚደርሰው 30 ደቂቃ ነው። ይባክናል ደግሞ። ገመድ መጠቅለል ብቻ ሩብ ሰዓት ይበላል፤ የኤክስ ኤል አር ገመድ (የማይክ ገመድ) እንደ ሸማ መጠምዘዝ የለበትም፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየተባለ ነው የሚጠቀለለው፣ አለዚያ ውስጡ ይበጠሳል። መምህራችን የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ በዚህ ጨረሰብን፤ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሰው ስቀጥር መጀመሪያ የማየው ገመድ አጠቃለሉን ነው። ልምምዱ የሚገኘው ከክፍል ውጭ ስለሆነ «ስቱዲዮው ቅዳሜ ይከፈታል? ካሜራ ለስንት ሌሊት ታውሳላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከካሜራው ሞዴል የበለጠ ይጠቅማል።

ገንዘቡና የነዋሪነት ሰዓቱ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ እንደ አድራሻችሁ ይለያያል። ሜሪላንድ ሦስት ዋጋ አለው፤ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ ነዋሪ፣ ከግዛቱ ውጭ የመጣ። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ እየኖሩ በጎረቤቱ ካውንቲ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ መማር ድንበሯን በመሻገር ብቻ ዋጋ ይጨምራል። እንደ ነዋሪ ለመቆጠር ሜሪላንድ ሦስት ወር ይበቃል፤ ቨርጂኒያ አንድ ዓመት፣ ካሊፎርኒያ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ነዋሪ ከሆናችሁ ለአንድ ዩኒት (ክሬዲት ማለት ነው) 46 ዶላር ነው የምትከፍሉት፤ 60ው ዩኒት 2,760 ዶላር ይመጣል፣ ከመጽሐፍና ከልዩ ልዩ ክፍያ ውጭ።

የፌዴራሉ ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፤ አይመለስም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ የጸደቀለትና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ይችላል፤ ዲቪ የመጣ ሰው አንድ ዓመት መጠበቅ የለበትም። ቲ ፒ ኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ላይ ብቻ ያለ ሰው ግን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ በማይቆጠር ኮርስ መጨረስ ያሳዝናል።

አሁን ብዙ የእኛ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ከአገር ቤት ባችለር ዲግሪ ይዛችሁ ከመጣችሁ ፔል አይገባችሁም። ዲግሪው እዚህ አልተመዘነም፣ ቀጣሪ አላወቀውም ማለት አያዋጣም፤ ዲግሪ ዲግሪ ነው ይላሉ። ደብቆ መሙላት ደግሞ ኋላ መልሱ ያስብላል። የደወለችልኝ ልጅ ጉዳይ ያዞረው ይኼ ነው፤ ከአዲስ አበባ በቋንቋ ባችለር ነበራት።

እንግሊዝኛው። የኢ ኤስ ኤል ኮርስ (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው የሚሰጠው) በአብዛኛው ለዲግሪ አይቆጠርም፤ ሁለት ሴሚስተር እዚያ የሚያልፍ ሰው «የሁለት ዓመት» የተባለውን ትምህርት በሦስት ዓመት ይጨርሳል። የአክሰንት ነገር ሲነሳ ሰው ይሸማቀቃል። ከሬዲዮ ድምፅ ይልቅ የከበደኝ የዜናው አጻጻፍ ነበር። አንድ የአውቶቡስ መስመር ስለመቋረጡ አራት አንቀጽ ጽፌ ሰጠሁ። መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በቀይ ሰርዞ አራተኛውን ከበበና «ዜናህ እዚህ ተኝቷል» ብሎ መለሰልኝ። እኛ መርዶ እንኳ ስናረዳ በጠዋት ሄደን፣ ተቀምጠን፣ ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ ጠይቀን ነው ወደ ነገሩ የምንደርሰው። እዚህ መርዶው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። ይህን ልማድ ለመስበር ሴሚስተር ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በኋላ የአማርኛ ዜናዬም ተሻሻለ።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### አሶሲየት ዲግሪ ለመሻገር

60 ክሬዲት ገደማ ተምሮ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ መግባት ነው፤ «ሁለት ሲደመር ሁለት» የሚሉት። ክሬዲቱን በተመለከተ ከሁሉ ይሻላል፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ካለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የጋዜጠኝነት የሽግግር ዲግሪ የሚባል አለ፤ እሱን የጨረሰ ሰው በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያገኛል፣ ባችለሩንም ለመጨረስ ከ60 ዩኒት በላይ እንዲወስድ አይጠየቅም። ልብ በሉ፣ ሥርዓቱ ውስጥ ነው እንጂ የፈለጋችሁት ካምፓስ አይደለም። ሎስ አንጀለስ የሚኖር ሰው «ዩ ሲ ኤል ኤ ገብቼ ጋዜጠኝነት እማራለሁ» ካለ ደግሞ እዚያ በባችለር ደረጃ ጋዜጠኝነት የሚባል ዋና ትምህርት የለም፤ ኮሙኒኬሽን ነው ያለው። በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መካከል ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ስምምነት አለ፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የሁለቱንም ቤት ካርታ ይዞ ይጀምራል። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ 14ቱ ክሬዲት አይጠፉም ነበር።

የልምምድ ሰዓቱ ላይ ይህ መንገድ ደካማ ነው፤ የሙያ ኮርሱ ጥቂት ስለሆነ። የሚያካክሰው የተማሪ ጋዜጣ ወይም የኮሌጁ ጣቢያ ነው። ሎስ አንጀለስ ሲቲ ኮሌጅ ኮሊጂያን፣ ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ ኮርሴር የሚባል የተማሪ ጋዜጣ አላቸው። እንዲህ ያለ ጋዜጣ ያለበት ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ጥቂት እትሞች አንብቡ። በስማቸው የጻፉ ተማሪዎች ስንት ናቸው? ሁሉም ስለ ቅርጫት ኳስ ነው ወይስ የኮሌጁን በጀት የነካ አለ?

ጣቢያ አለን የሚል ኮሌጅ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሳንታ ሞኒካ ኮሌጅ የታዋቂው የኬ ሲ አር ደብሊው 89.9 ፈቃድ ባለቤት ነው፤ የኢሊኖይሱ ኮሌጅ ኦፍ ዱፔጅ ደብሊው ዲ ሲ ቢ 90.9ን፣ ሳንዲያጎ ሲቲ ኮሌጅም የጃዝ 88.3ን ይዘዋል። እነዚህ በባለሙያ የሚመሩ ሙሉ ጣቢያዎች ናቸው። ኮሌጁ ሬዲዮ አለው ማለት ተማሪው ማይክ ያገኛል ማለት ላይሆን ይችላል። «ባለፈው ሴሚስተር ስንት ተማሪ አየር ላይ ዋለ? ስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ።

### የሙያ ሰርተፍኬት ወይም የሙያ አሶሲየት

ሰርተፍኬቱ በአንድ ዓመት ገደማ፣ የሙያ አሶሲየቱ በሁለት ዓመት ያልቃል። ኮርሶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በእጅ የሚሠሩ ናቸው፤ መምህራኑ ብዙ ጊዜ ቀን ጣቢያ ውለው ማታ የሚያስተምሩ ሰዎች ስለሆኑ ሥራ ሲገኝ የሚደውሉትም እነሱ ናቸው። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ የተገኘው እንዲህ ነው፤ የድምፅ መምህራችን ሐሙስ ማታ ክፍል ሲያልቅ «ቅዳሜ አምስት ሰዓት ጠዋት አንድ ሆቴል ላቫሌር ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካውን ትንሽ ማይክ) የሚያስር ሰው ይፈልጋል፣ ጥቁር ሸሚዝ አለህ?» አለኝ። ጥቁር ሸሚዝ አልነበረኝም። አርብ ገዛሁ።

ጉዳቱ የሙያ አሶሲየት ብዙውን ጊዜ ለመሻገር አለመሠራቱ ነው። ኋላ ባችለር ለመቀጠል ሲታሰብ ግማሹ ይወድቃል። በጣም አጭሩን ሰርተፍኬት ደግሞ ፔል ላይሸፍነው ይችላል፤ የኮሌጁን የፋይናንስ ቢሮ በስም ጠርታችሁ «ይህ ሰርተፍኬት ለፌዴራል እርዳታ ይበቃል?» በሏቸው። የነፃ ትምህርት ወሬም በደንብ ይጣራ። ቨርጂኒያ ጂ ስሪ የሚባል ፕሮግራም አላት፤ የሚሸፍነው ግን ሰው የሚፈለግባቸውን እንደ ጤናና ኮምፒውተር ያሉ ዘርፎች ነው። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነፃ ሆነ» ተብሎ ቡና ላይ የሚወራው ለካሜራ ተማሪ ላይሠራ ይችላል።

### በቀጥታ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ

ውድ ነው፤ ግን ውድነቱን ብቻ አይታችሁ አትለፉት። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ኮሌጅ ካፒታል ኒውስ ሰርቪስ የሚባል የተማሪዎች የዜና አገልግሎት ያካሂዳል፤ ተማሪው የግዛቱን ምክር ቤት ይዘግባል፣ ዜናው በእውነተኛ ሚዲያ ላይ ይወጣል። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደብሊው ኤች ዩ ቲና የራሱ ሬዲዮ ደብሊው ኤች ዩ አር አለው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ በሽግግር የሚገባ ተማሪ እነዚህን ያገኛል፣ ግን ጓደኝነቱና ኢንተርንሺፑ ከተከፋፈለ በኋላ ነው የሚደርሰው። የ18 ዓመት ልጅ በደህና ስኮላርሺፕ የተጠራ ከሆነ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይቆጥባል ብዬ አልከለክለውም።

የጋዜጠኝነት ትምህርት ዕውቅና ሰጪው ምክር ቤት የሚመዝነው የባችለርና የማስተርስ ፕሮግራሞችን ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያ ማኅተም የለውም ብላችሁ አትደንግጡ፤ እዚያ ማረጋገጥ ያለባችሁ ኮሌጁ ራሱ በአካባቢው ዕውቅና ሰጪ የጸደቀ መሆኑን ነው።

### የግል ብሮድካስት ማሠልጠኛ

በጥቂት ወራት «አየር ላይ እናውላችኋለን» ይላሉ። ክፍያቸው ብዙ ጊዜ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ክፍያ ይበልጣል፤ ክሬዲታቸውን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ማግኘትም አስቸጋሪ ነው። ስቱዲዮ ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የተመራቂዎቻቸውን የሥራ ዝርዝር በጽሑፍ ካልሰጧችሁ ፊርማ አታኑሩ። እኔ ለዘመድ አልመክረውም።

### የሕዝብ መዳረሻ (ፐብሊክ አክሰስ) ቴሌቪዥን ኮርስ

ይህን ሰው ይረሳዋል። በየካውንቲው በኬብል ኩባንያዎች ክፍያ የሚደጎሙ፣ ማንኛውም ነዋሪ ሠልጥኖ ፕሮግራም የሚሠራባቸው ጣቢያዎች አሉ፤ ፌርፋክስ ፐብሊክ አክሰስ አንዱ ነው፣ ዲሲም ዲሲ ቲቪ አለው። በአማርኛ የሚተላለፉ ፕሮግራሞች ለዓመታት ስቱዲዮ ያገኙት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው። አባልነት ይከፈላል፣ አጫጭር ኮርስ ይወሰዳል፣ ፈተና ይታለፋል፣ ከዚያ ካሜራው የእናንተ ነው። ዲግሪ የለም፤ ክሬዲት የለም፤ ግን ከክፍያው ጋር ሲተያይ በእጅ የሚያዘውን ሰዓት የሚያህል የለውም። ሰው ኬብሉን እያቋረጠ በመጣ ቁጥር ድጎማው እየሳሳ ስለሆነ የአካባቢያችሁ ጣቢያ ኮርሱን አሁንም እየሰጠ መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁ።

## በአንድ ዓይን

| መንገዱ | ጊዜ | ወጪ | በእጅ ልምምድ | ክሬዲቱ | የሚቀርበው ሥራ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሽግግር አሶሲየት | 2 ዓመት፣ ከዚያ 2 | ዝቅተኛ፣ ፔል ይሠራል | ጥቂት፤ የተማሪ ጋዜጣ ያካክሳል | ስምምነት ካለ ይሻገራል | ዘጋቢ፣ ፕሮዲዩሰር (ከባችለር በኋላ) |
| ሰርተፍኬት / የሙያ አሶሲየት | 1–2 ዓመት | ዝቅተኛ፣ ፔል እንደ ርዝመቱ | ብዙ | አብዛኛው ይወድቃል | ካሜራ፣ ድምፅ፣ ኤዲቲንግ፣ ኦዲዮ ቪዥዋል |
| በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ | 4 ዓመት | ከፍተኛ፣ ስኮላርሺፕ ይወስነዋል | ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ብዙ | ችግር የለም | ዘጋቢ፣ አዘጋጅ |
| የግል ማሠልጠኛ | ወራት | ከጊዜው አንጻር ከፍተኛ | መካከለኛ | አይሻገርም ለማለት ይቻላል | እንደ ዕድል |
| የሕዝብ መዳረሻ ጣቢያ | ሳምንታት | አነስተኛ | ብዙ | የለም | የራስ ፕሮግራም፣ የቤተ ክርስቲያን ላይቭ |

## ለማን የቱ?

ለዚያች የኤፍ ኤም ልጅ የነገርኳት ይህንን ነው። ባችለር አለሽ፤ ፔል የለሽም፤ ሌላ ባችለር ከዜሮ መጀመር ዕዳ ነው። ዲግሪሽን በወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ወይም በመሰል ተቋም አስመዝኚ። ሦስት ወሩን ስላለፍሽ በካውንቲሽ ዋጋ የብሮድካስቲንግ ሰርተፍኬት ውሰጂ፤ በሴሚስተር ሁለት ኮርስ፣ ከሌሊቱ ሺፍት ጋር የሚሄድ። ከዚያ ኮርስ ውስጥ አንዱ የእንግሊዝኛ ዜና አጻጻፍ ይሁን። ዘጋቢ መሆን አሁንም ካማረሽ፣ ባችለርሽ ተመዝኖ ከጸደቀ ወደ ማስተርስ መሄድ ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ የእጅ ሥራውም አለሽ። ድምፅሽን ለማቆየት ደግሞ ፐብሊክ አክሰስ ሂጂ። «ዜና አንባቢ ነኝ እኮ ጋሼ፣ ገመድ ልጠቅልል?» አለችኝ። አዎ።

እዚህ አድጎ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ፣ ወላጆቹ ኮንዶ የሚከፍሉ፣ መጻፍ የሚወድ ልጅ የሽግግሩን መንገድ ይያዝ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚሻገርበትን ዩኒቨርሲቲ ስም ይወስንና ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠረ ኮርስ ይምረጥ። ካሊፎርኒያ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጊዜ የሚማሩ ተማሪዎችን የሁለት ዓመት ቱሽን የሚሸፍን ፕሮሚስ የሚባል ፕሮግራም በብዙ ኮሌጆች ስላለ ይጠይቅ። ወላጆች «ጋዜጠኝነት እንጀራ አይሆንም፣ ነርሲንግ ግባ» ማለታቸው አይቀርም። ልጁ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሚክስ አክሎ ከወሰደ ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ ክሬዲቱ አይጠፋም፤ ለእነሱም የሚነገራቸው ይኸው ነው።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለመምጣት የሚያስብ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። የነዋሪው ዋጋ አይመለከተውም፤ የሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። ፋፍሳ የለውም። በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ መሥራት የሚችለው ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ስለሚረክሱ፣ አሶሲየቱን ሲጨርስም እስከ 12 ወር በሙያው የሚሠራበት ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ስፖንሰሩ የታመነ ከሆነ የሽግግሩ መንገድ ያዋጣዋል። ስፖንሰሩ «እንደምንም እናደርጋለን» የሚል ከሆነ ይቅርበት።

ኡበር እየነዳ የደብሩን ላይቭ የሚያስተላልፍ የ45 ዓመት ሰውም ደውሎልኛል። እሱ ዲግሪ አይፈልግም፤ ቅዳሴው ላይ ድምፁ ለምን እንደሚጮህ ነው ማወቅ የሚፈልገው። አንድ የድምፅ ኮርስ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የቀረውን በፐብሊክ አክሰስ። ለኤዲቲንግ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለው፤ ሶፍትዌር ለመግዛት አይቸኩል።

ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ደግሞ በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ይጀምር፤ እሱም እንግሊዝኛ 101 ይሁን፣ የትም ቦታ ይቆጠራልና።

## ከመፈረም በፊት

ኮሌጁን ቀን ሳይሆን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ የምትማሩት ያን ጊዜ ነውና። የዕቃ ማከማቻው በር ላይ የተለጠፈውን የውሰት መዝገብ አንብቡ። ተማሪዎች ስማቸውን ጽፈውበት ከሆነ ዕቃው ይወጣል ማለት ነው፤ ባዶ ከሆነ ካሜራው ለጉብኝት የተቀመጠ ነው። ከአማካሪው ጋር ስትቀመጡ የተናገረውን ሁሉ በኢሜይል እንዲልክላችሁ ለምኑት፤ በተለይ «ይሻገራል» ያለውን። የአገር ቤት ትራንስክሪፕታችሁን ለማስላክ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬውኑ ለምታውቁት ሰው ደውሉና ሬጅስትራር ቢሮ ሰልፍ እንዲይዝላችሁ አድርጉ።

ልጅቱ በጥር ትጀምራለች። ጥቁር ሸሚዝ ገዝታለች።